ሳይፋቱ ተለያይቶ መክረም

አቶ ሀብቱ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌ ስላችሁ ሽበታቸውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በአሶሳ ከተማ በእሳቸው ሰፈር ባልና ሚስት ተጣሉ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ከቡሬ በመምህርነት ተመድበው ሲመጡ ጎረምሳ ነበሩ። አስተማሩ፣ ርዕሰ መምህር ሆኑ፣ ጡረታ ወጡ፣ ሚስታቸውንም እዚሁ ቀበሩ። የሰፈሩን ዕድር የሚመሩትም እሳቸው ናቸው።

በሽምግልና አንድ የማይለውጡት ደንብ ነበራቸው፤ የባልና ሚስት ጠብ ለነገ አይቀጠርም። ጠዋት ለሽምግልና ከተቀመጡ ማታ ባልና ሚስቱ ከአንድ ትሪ መብላት አለባቸው። ሁለቱም የሽማግሌ ጉልበት ይስማሉ፣ «ዳግመኛ ከአንድ ጣሪያ ሥር ላንወጣ» ብለው ይምላሉ፣ ይመረቃሉ፣ አለቀ። «በእኔ እጅ የፈረሰ ትዳር የለም» ይሉ ነበር ደረታቸውን ነፍተው። እውነታቸውን ነው፣ አልፈረሰም። ሳይፈርስ ምን ሆኖ እንደቆመ ግን አንድም ቀን ተመልሰው ሄደው አላዩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ለተማሪዎቻቸው ስንት ዓመት አስተምረዋል፤ ለራሳቸው ግን አልደረሳቸውም። የሳቸውን ስም አነሣሁ እንጂ ጥፋቱስ የብዙዎቻችን ነው።

በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ልጃቸው እስከዳር የነርስ ጋውኗን እንደለበሰች ከሥራ በፊት መጣችና አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ አንብበው። ከዚያ ትቆጣለህ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ «ተለያይቶ የመኖር ስምምነት» ይላል። ከሥሩ የልጃቸውና የአማቻቸው የሰራዊት ስም አለ። ወረቀቱን እንደ ትኩስ ነገር መልሰው ጣሉት።

«ፍቺ ነው በይኛ! ምን ታሽሞነሙኚዋለሽ?»

«ፍቺ ቢሆን አንተ ጋ ምን ያመጣኛል? ፍርድ ቤት እሄድ ነበር። ለአንድ ዓመት ተለያይተን እንኖራለን። ባልና ሚስትነታችን ይቆያል። ዓመቱ ሲሞላ ቁጭ ብለን እንወስናለን።»

«ጎጆ ሱቅ ነው እንዴ ለዓመት የሚዘጋው? ወይ አብሮ መኖር ነው፣ ወይ መፋታት ነው። መሃል የሚባል የለም።»

ጠቡ ምን ነበር ብትሉ፣ በእኛ አገር ብዙ ቤት የገባ ነገር ነው። ሰራዊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ሩቅ፣ ማንኩሽ ከተማ ነው። በወር አንዴ ይመጣል። «ሥራሽን ትተሽ ተከተዪኝ» ይላል እሱ። «ስንት ዓመት የለፋሁበትን ሙያ ጥዬ ምን ልሆን?» ትላለች እሷ። እጅ አልተነሣም፣ ውሽማም የለም። ግን በመጣ ቁጥር አፋቸው እየከፋ ሄዶ፣ የማይመለስ ቃል መወራወር ጀምረዋል። የአራት ዓመት ልጃቸው ያብስራ አባቱ በመጣ ማግስት አልጋ ሥር መግባት ለምዷል። አቶ ሀብቱ ሁለት ጊዜ አስታርቀዋቸዋል። ሁለቱም ጊዜ እርቁ ሳምንት አልሞላም።

«እንዋደዳለን አባዬ» አለች እስከዳር፣ ዓይኗ እየሞላ። «አሁን አንድ ቤት ከከረምን ግን ያለችውንም እንጨርሳታለን። ሰራዊት ደግሞ ያላንተ ፊርማ አልፈርምም ብሏል። ‹አባትሽ ምስክር ካልሆነ ነገ ሽማግሌ ሰብስቦ ይመጣብኛል፣ ሚስትህን ጥለህ ሄድክ ይለኛል፤ ካልፈረመ ፍቺውን አስገብቼ እሄዳለሁ› ነው የሚለው። ነገ ሦስት ሰዓት ውሉን የጻፈችልን ጠበቃ ቢሮ ቀጠሮ አለን። ከዚያ ወደ ማንኩሽ ተመላሽ ነው።»

ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። የልጃቸው ትዳር በአንድ ቀን ዕድሜ እጃቸው ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አቶ ሀብቱ መቀመጫው እሾህ ሆነባቸው። ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደጅ ወጥተው ማንጎው ሥር ይቆማሉ፣ ምን ሊያደርጉ እንደወጡ ይጠፋቸውና ይመለሳሉ። «የሽማግሌ ልጅ ባሏን ለቀቀች ሊሉኝ ነው» ይላሉ ለብቻቸው። በመጨረሻ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ ገበያው ወረዱ። ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ሊገጫቸው ሲል እንኳ ዞር አላሉም።

የሄዱት የጨርቅ ነጋዴው ዐብዱልቃድር ሱቅ ነው። ዐብዱልቃድር የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ በሽምግልና ከሃያ ዓመት በላይ አብረው ተቀምጠዋል። እርቅን ሱልህ ይላታል። አቶ ሀብቱ የመጣባቸውን ነገር አወሩለት።

«ወላሂ ሀብቱ፣ ሱልህ ጥሩ ነው» አለ ጨርቁን እያጠፈ። «በግድ ከሆነ ግን ሱልህ አይደለም፣ እስር ነው። እኔ ይሄን ድሮ ነግሬሃለሁ። አንተ አትሰማም።»

«እስር? ይገረምና ትርሐስን ረሳኻቸው? የፍቺ ማመልከቻ ጽፈው መጥተው በእጄ የቀደድኩባቸው? ይኸው አምስት ዓመታቸው፣ አብረው አሉ።»

«አይተሃቸዋል?»

«ለቅሶ ላይ ይመጣሉ። ደህና ናቸው።»

«ለቅሶ ላይ ሁሉም ሰው ደህና ነው» አለ ዐብዱልቃድር። «ቤታቸው ሂድ።»

አቶ ሀብቱ ነገሩ እልህ ሆነባቸው። እሄዳለሁ፣ ማታም እርቅ እንደሚጸና ለእስከዳር ምስክር እንዲሆኑ ይዣቸው እመጣለሁ ብለው ተነሡ። ከባለትዳሮች አፍ የሰማችውን ልጄ እምቢ አትልም ብለው ነበር።

ይገረም የቀርቀሃ ወንበር ሠሪ ነው። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ቀርቀሃ ይሰነጥቃል። ሚስቱ ትርሐስ ከሱ ሁለት እርምጃ ርቃ ዩኒፎርም ትተኩሳለች። በመሃላቸው ልጃቸው ቤዚ ደብተሯን ዘርግታለች። አቶ ሀብቱ ይህን ሲያዩ ልባቸው ሞላ። ተቀበሏቸው፣ ወንበር ሰጧቸው፣ ውሃም ማንጎም ቀረበ። እሳቸውም የመጡበትን ነገሯቸውና፣ «በሉ ማታ ሁለታችሁም ኑና ምከሩልኝ» አሉ።

ትርሐስ ካውያዋን አቆመች። «ቤዚ፣ አባትሽን ማታ ይሄዳል ወይ በይው።»

ልጅቱ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «አባባ፣ ማታ ትሄዳለህ ወይ ትልሃለች» አለች።

«እሷ ከሄደች አልሄድም በያት» አለ ይገረም።

«እማዬ፣ አንቺ ከሄድሽ አይሄድም።»

አቶ ሀብቱ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። የሳቀላቸው ሰው የለም። ሳቃቸው አፋቸው ላይ ደረቀ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምን ይሆናል ጋሼ» አለች ትርሐስ። «ከአንድ ጣሪያ ሥር እንዳትወጡ ብለው አስማሉን፣ አልወጣንም። ተነጋገሩ ብለው አላስማሉን።»

ይገረም በሰንጢው ወደ ቤቱ ጓሮ አመለከተ። ከኋላ በኩል ሁለተኛ በር ተከፍቷል። «ጣሪያው አንድ ነው። እኔ በዚያ እገባለሁ፣ እሷ በዚህ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን፣ ለቅሶም አብረን እንደርሳለን። የሽማግሌ ቃል አልበላንም።»

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

የመለሰችው ቤዚ ናት። «ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ነው የጀመሩት። አሁን ሰባተኛ ነኝ።»

አቶ ሀብቱ የቀረበላቸውን ማንጎ ሳይቀምሱ ተነሡ። እስከ አጥሩ በር የሸኘቻቸው ቤዚ ናት። በሩ ላይ ቆም አለችና፣ «ጋሼ፣ መለያየት ኃጢአት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ለምን ጠየቅሽ?»

«የጓደኛዬ እናትና አባት ተለያይተው ነው የሚኖሩት። ግን ስለሷ በስልክ ይነጋገራሉ። ፈተና ስታልፍ አንድ ላይ መጥተው ስመዋታል።»

ራሷን ዳበስ አድርገዋት ሄዱ። መንገዱን ሁሉ ያ የቀደዱት ማመልከቻ በዓይናቸው ላይ ይዞራል። ሲቀድዱት ሰው አጨብጭቦላቸው ነበር፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። አሁን አፈሩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጠበቃዋ ቢሮ ደረሱ። ጠበቃዋ ቀነኒ የባምባሲ ልጅ ናት። እስከዳርና ሰራዊት በተራራቁ ወንበሮች ተቀምጠዋል። ሰራዊት እሳቸውን ሲያይ ብድግ አለና ከኋላቸው ወደ በሩ ተመለከተ።

«ብቻዎን ነዎት ጋሼ?»

«ብቻዬን ነኝ። ተቀመጥ ልጄ። አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ፣ ትናንት በንዴት ነው ያየሁት።»

ቀነኒ አነበበች። ባልና ሚስት ለተወሰነ ጊዜ ተለያይተው ለመኖር ቢስማሙ ሕጉ እንደማይከለክላቸው አስረዳቻቸው። ጊዜው አንድ ዓመት ነው። ያብስራ ከእናቱ ጋር ይኖራል፤ አባቱ በመጣ ጊዜ ሁለት ቀን ይወስደዋል፣ ማታ ማታ ይደውልለታል። ማንም ማንን በልጁ ፊት አያማም። ቤቱን አንዳቸውም ብቻቸውን አይሸጡም። ትዳሩ አለና ሁለቱም ይተማመናሉ፣ ሌላ ሰው አይታይም። አንዳቸው ቢታመሙ የሚያስታምማቸው ያው የትዳር ጓደኛቸው ነው። ዓመቱ ሲሞላ በሁለት ምስክር ፊት ይቀመጣሉ፤ ይመለሳሉ፣ ያራዝማሉ፣ ወይም ይፋታሉ። ሁለቱም ከፈለጉ ከዚያ በፊትም መመለስ ይችላሉ። ፍርድ ቤትም አይቶ ያጸድቀዋል።

አቶ ሀብቱ እስክሪብቶውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። እስከዳር ፊቷ ገረጣ።

«አንድ ነገር ጨምሪበት» አሉ ለቀነኒ። «ዓመቱ ሳይሞላ ማንም ሽማግሌ፣ የሚስት አባትም ጭምር፣ ሳይጠራ ላስታርቅ ብሎ እንዳይመጣ።»

«በወረቀት ይግባ?» አለች ቀነኒ ሳቋን ይዛ።

«ይግባ። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ሰራዊት አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ከዓመት በኋላስ ባይሆንልን?» አለ ቀስ ብሎ።

«ባይሆን ትፋታላችሁ። ግን ተከባብራችሁ ነው የምትፋቱት። ያብስራም በመሃላችሁ የነገር አመላላሽ አይሆንም። ቢሆን ደግሞ ማንም ስለጎተታችሁ ሳይሆን ስለፈለጋችሁ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ሰው ወደ ቤቱ መግባቱን እንጂ መፈለጉን ጠይቄ አላውቅም።»

ፈረሙ። ሰራዊት ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙትና ትከሻውን ሳሙት። ከዚያ ባልና ሚስቱ ስለ ያብስራ ጫማ ቁጥር እያወሩ ወጡ። ልጁ ጫማ ከማንኩሽ እንዲመጣለት አዝዞ ነበር። ሳይጯጯሁ ሲነጋገሩ አባትየው ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው!

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዱላ ያለበት ቤት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ሕግ ይጠራል እንጂ የመለያየት ውል አይጻፍም። እርቅም መልካም ነው፣ ማን ይጠላዋል? ፍቺም ሲያቅት የሚመጣ ነው። በሁለቱ መካከል ግን ቦታ አለ፣ ያውም የሚያስተነፍስ። የተቆጡ ሰዎች ሳይቆራረጡ የሚርቁበት፣ ልጅ ማን ጋ እንደሚያድር የሚታወቅበት፣ መጨረሻውም ቀን ያለው ነው። በኩርፊያ መራቅና በስምምነት መራቅ አንድ አይደለም። ኩርፊያ ቀን የለውም፣ ደንብም የለውም። እኛ ሽማግሌዎች፣ እኛ ወላጆች፣ «ሰው ምን ይላል» ብለን ያንን ቦታ ስንዘጋው፣ ልጆቻችንን ወደ ፍቺ ወይም ወደ ዝምታ እንነዳቸዋለን።

አቶ ሀብቱ ከቢሮው ወጥተው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ነበር፤ እንዲያው በካፊያው ወደ ይገረም ቤት ገሠገሡ። ሁለቱም በረንዳው ላይ ነበሩ፣ አንዱ በወዲያ ጫፍ አንዷ በወዲህ። ቤዚ በመሃል ቆማ ካፊያውን ታያለች። አቶ ሀብቱ ተቀመጡ ቢባሉ አልቀመጥም አሉ።

«ያን ቀን ያስማልኳችሁን መሐላ ልመልስላችሁ ነው የመጣሁት» አሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «እኔ ያን ዕለት ያስታረቅኩት እናንተን አልነበረም፣ ስሜን ነበር። ይቅር በሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ነፃ ናችሁ። አብራችሁ ብትኖሩም፣ ለጊዜው ብትለያዩም፣ ብትፋቱም፣ አንድም ሽማግሌ ቃል በላችሁ አይላችሁም። የሚሻላችሁን እናንተው ተነጋገሩ።»

ትርሐስ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ይገረም ጉሮሮውን ጠረገና ቀና አለ። ቤዚ እንደ ልማዷ ወደ እሱ ዞረች፣ ምን በያት ሊል ነው ብላ። ይገረም ግን በልጅቱ ራስ በላይ አሻግሮ አየ።

«ትርሐስ» አለ። «አንቺ ምን ይሻልሻል?»

ቤዚ መልእክቱን ልታደርስ አፏን ከፍታ ነበር። ዘጋችውና ከመሃላቸው ወጥታ ወደ ቤት ገባች።