የአራሷ ድስት

ዞኒን ያንገበገባት የልጅ ልጇ ሞት ብቻ አልነበረም። ስምንት ወልዳ ስምንቱንም ለወግ ያበቃች ሴት ናት። ዛሬ ግን ማንም ቃሏን ሳይሰማ፣ አንዲት ባለ ባርኔጣ ፖሊስ ጓዳዋ ገብታ ድስቷን ታሸታለች!

«ምን ሸተተሽ? የአይጥ መርዝ?»

«ሩዝ ብቻ፣ እማማ» አለች መርማሪዋ ፊርዶሳ ሳትቆጣ።

የአራት ወሩ አዲል ትናንት በእናቱ በሙቢና ጭን ላይ ሞቷል። መንታ እህቱ ሱረያ ግን ደህና ናት። መንደሩ አንድም እናቲቱን፣ አንድም መካኗን የዞኒን ልጅ ዲልሻዳን ይጠረጥራል። ፖሊስ የጠራው የሙቢና ባል፣ የዞኒ ልጅ ባሺር፣ ራሱ ነው፤ «ሚስቴ መርዛዋለች» ብሎ።

ፊርዶሳ ከዲልሻዳ ጀመረች።

«ሱረያን ማን ያጠባታል?»

«ማንም። እኔ የላም ወተት አጠጣታለሁ። ጡቱ ለወንዱ ተባለ፤ ወንድ ነዋ!»

«አዲልስ ምን ሆነ?»

«አፉን ከፍቶ ያለቅሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ከዚያ ትንፋሹ ፈጠነ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ታቅፌው ልሮጥ አልኩ... ወዴት ልሩጥ?»

ሙቢና ለብርዱ ከልብሷ ሥር የምትይዘውን፣ ውስጡ ሸክላ የሆነ የፍም ቅርጫቷን እንዳቀፈች ስትገባ ነጠላ ጫማዋ ደፉ ላይ ቀረ። እሷ አላወቀችም።

«ባትሽ ላይ ያለው ቁስል ምንድነው?»

«ፍሙ ነው የለበለበኝ። ያነቃኝ የተቃጠለው ቆዳዬ ሽታ ነው። እግሬ የኔ አይደለም እኮ! መጀመሪያ ያቃጥለኝ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አይሰማኝም። ስናገር ሰነፍ ይሉኛል።»

«ሰነፍ ስለሆንሽ ነዋ!» አለች ዞኒ።

«እስቲ ቁጢጥ በይና ተነሽ» አለቻት ፊርዶሳ።

ሙቢና ቁጢጥ አለች። መነሳት ግን አቃታት። ግድግዳውን ስትቧጥጥ ባሺር ፊቱን አዞረ።

ፊርዶሳ ሁሉንም ምንጣፉ ላይ ሰበሰበች።

«ዲልሻዳ መርዛ ቢሆን የምትሞተው እጇ ላይ ያለችው ሱረያ ነበረች። እሷ ግን ወፍራለች። ሙቢና መርዛ ቢሆን የራሷን እግር ለምን ትገድላለች? አዲል ከእናቱ ጡት በቀር የቀመሰው የለም፤ እናቱም ታማለች። ስለዚህ ነገሩ ያለው እሷ ከምትበላው ላይ ነው። እማማ፣ ምን ታበያት ነበር?»

«አራስ የምትበላውን! ነጭ ሩዝ፤ ደጋግሜ ያጠብኩት። ጨው ያለው ሻይ። ጎመን ሆድ ይነፋል፣ ምስር ወተት ያበላሻል፣ ሥጋ ይከብዳል። እኔስ ስምንቱን በዚሁ አይደል ያሳደግኩት?»

«ያኔ ሩዙን ማን ይፈትገው ነበር?»

«እኛው ነና፣ በሙቀጫ።»

«አሁንስ?»

«ወፍጮ ቤት።»

«ሙቀጫው ቡናማውን ቆዳ ሙልጭ አያደርገውም ነበር። ነርቭንና ልብን የሚያጠነክረው ቫይታሚን ያለው እዚያ ላይ ነው። አሁን ወፍጮው ገፈፈው፤ የተረፈውን እጥበቱ ወሰደው፤ ጡቷም ያንኑ አጣ። እናንተን ያልነካችሁ ጎመንና ሥጋ ስለምትበሉ ነው። እናንተ ድስቱ ውስጥ መርዝ ፈለጋችሁ፤ ልጁን የገደለው ግን ከድስቱ የጎደለው ነው። የማስረው ሰው የለኝም። ሙቢና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዳ መርፌ ካልተወጋች፣ ምግቧም ካልተለወጠ፣ ከእግሯ በኋላ ተረኛው ልቧ ነው።»

ባሺር ሚስቱ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል ሸሸችው።

ዞኒ ተነስታ ለወንዶቹ ከተሠራው ጎመን በሥጋ ዝቃ መጣች። ሙቢና ሳህኑን በክንዷ ገፋችው።

«ልጄ የሞተው በእጅሽ ነው።»

«በእጄ ነው» አለች ዞኒ። «ይቅር በይኝ አልልሽም። ስድብሽን ለነገ አቆይው፤ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። አሁን ግን ባለ ባርኔጣዋ መኪናዋን እስክታስነሳ፣ እዚሁ፣ እያየሁሽ፣ ብዪ!»