በበረኪና የታጠበው ፊርማ

ወሰንየለሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የምትኖረው ሮም ውስጥ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ፣ መነኮሳይያት በሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። እናቷ ወይዘሮ ካሳነሽ ልጃቸውን ይዘው ከአገር ወጥተው፣ አንድ ጣሊያን ቤት በሠራተኝነት ተቀጥረዋል። አሠሪያቸው "ልጅ አላስገባም" ስላሉ እናትና ልጅ የሚገናኙት በዕረፍት ቀን ብቻ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ።

አንድ ቅዳሜ ሚስተር ዊንፎርድ የሚባል ዝነኛ አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች የትምህርት ቤቱን ልጆች ሊጎበኝ መጣ። ቤዝቦል ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ ነው። ለወሰንየለሽ ነጭ ኳስ ሰጣት፤ ፊርማውንም ጫር አደረገበት። እናንተ ብትሆኑ አትዘሉም? እሷም ዘለለች። እንዳይሰረቅባት ፈርታ በማግስቱ "እማዬ፣ አስቀምጪልኝ" ብላ ለእናቷ ሰጠች።

ሐሙስ ወይዘሮ ካሳነሽ ኳሱን ይዘው መጡ። ኳሱ ነጭ በነጭ ሆኗል።

"ቀለም ነክቶት ነበር። በበረኪና ፈትጌ አስለቀቅሁልሽ" አሉ ደስ ብሏቸው።

"ፊርማው ነው እኮ! ምን ዓይነት ደንቆሮ ነሽ?" ብላ ጮኸችባቸው።

ልጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። መናደድ ማንም ይናደዳል። ግን ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል ሲፈትጉ የከረሙ እጆች ለእሷ ብለው ኳስ ቢፈትጉ፣ ምላሹ ስድብ ይሁን?

እሑድ ተጫዋቹ ተመልሶ መጣ። ወሰንየለሽ ኳሷን ይዛ ወደ እሱ በረረች። ወይዘሮ ካሳነሽም ፌስታል አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ወሰኔ!" ብለው ተጣሩ።

ሰውየው በተሰባበረ ጣሊያንኛ "ያቺ ሴት አንቺን ነው የምትጠራው?" አላት።

ንዴቷ አልበረደም። "አላውቃትም" አለች። የተናገረችው በጣሊያንኛ ነው፤ እናቷ ግን ጣሊያንኛ ይሰማሉ።

ቅዱስ ጴጥሮስም "አላውቀውም" ብሎ ነበር። እሱስ ፈርቶ ነው። ይህች ግን ለፊርማ ብላ!

ሰውየው ፈረመላት። ዞር ስትል በሩ ላይ ፌስታሉ ብቻ ቀርቷል። ከውስጡ ለኳሱ የተሰፋች ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አወጣች። በቀይ ክር "ወሰንየለሽ" የሚል ተጠልፎባታል። ያኔ "እማዬ!" ብላ ተጣራች። ሮጣ ልትከተላቸው ስትል በር የሚጠብቁት መነኩሲት በሩን ዘጉ።

"ያለ እናትሽ መውጣት የለም። እስከ ሐሙስ ጠብቂ" አሏት።

አራት ቀን! "ባትመጣስ?" እያለች እህል አልወርድ አላት።

ሐሙስ ገና ከምሳ በፊት በሩ ሥር ተቀመጠች። ከሰዓት ወይዘሮ ካሳነሽ ከአውቶቡስ ወረዱ። ፊታቸው ጠቁሯል። ወሰንየለሽ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ!"

"ተነሺ። በጣም ተናድጄብሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"ሐሙስ ነዋ! ብናደድ እናትሽ መሆኔ ይቀራል?"

ወሰንየለሽ እጃቸውን ይዛ ግቢው መሃል ወሰደቻቸው። መነኩሲቷም ልጆቹም እየሰሙ፣ በጣሊያንኛ "እናቴ ናት! ይህቺ እናቴ ናት!" ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ካሳነሽ ወዲያው አልሳቁም፤ እጇን ግን አልለቀቁም።

ኳሱን ለልጆቹ መጫወቻ ሰጠችው፤ ፊርማው በሳምንቱ ጠፋ። ከረጢቷን ግን ለማንም አልሰጠችም።

ልጆቼ፣ የቱንም ያህል ብትናደዱ እናታችሁን አትስደቡ፣ በሰው ፊትም አትካዱ።