ዳስተሩን ያራገፈ እጅ

ዘበኛው ትልቁን የብረት በር ገርበብ አድርጎ መርማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«እመቤቴ፣ ከመግባትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ» አላት። «እዚህ ግቢ የገባ ሰው ፈተናው ነገ ተፈትኖ እስኪያልቅ አይወጣም። ፖሊስም ቢሆን፣ ሚኒስትርም ቢሆን። ስልክዎንም እዚህ ሳጥን ውስጥ ይተዉልኛል።»

«የሞተው ሰውዬስ?»

«እሱም አይወጣም።»

ስልኳን ልታስረክብ ስትል ጠራ። ታናሽ እህቷ ነበረች። «እታለም፣ ነገ እኮ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ሌላውስ ግድ የለም፣ ያ ክፍልፋይ ነው የሚገድለኝ።»

ታናሽየው የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው እስከ በር ይሸኟታል፤ የሙያ ፈቃድ ግን የላትም። ደንቡ ደግሞ ፊት አይቶ አያዳላም፤ ንባብን፣ ጽሑፍንና ሒሳብን የሚመዝነውን የመሠረታዊ ክህሎት ፈተና ያላለፈ መምህር ከመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰናበታል። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ የነገው የመጨረሻዋ ነው።

«አይዞሽ፣ ዛሬ በጊዜ ተኚ» አለቻትና ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። በሩ ከኋላዋ ተቆለፈ። ስንቱን ሰው አስራ ያሳደረች ሴት፣ ቁልፍ በራሷ ላይ ሲዞር መስማቱ ደስ አላላትም።

ግቢው በዕረፍት ወራት ተማሪ የሌለበት ትምህርት ቤት ነው። የፈተና አዘጋጆቹ ጥያቄ እንዳይሾልክ ተብሎ እዚህ ተዘግቶባቸው ሰንብተዋል። እዚሁ ይበላሉ፣ እዚሁ ይተኛሉ፣ እዚሁ ይኳረፋሉ። አጥሩ ከፍ ያለ ነው፤ የመስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ ከእጅ በላይ አያሳልፍም። ከውጭ የገባ የለም፣ ከውስጥም የወጣ የለም። ዘበኛው ከብረቱ በር አልተነቃነቀም። ሟቹን፣ የአዘጋጆቹን ሰብሳቢ፣ የገደለ ሰው ካለ፣ ከቀሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው።

ሰብሳቢው በሥራ ክፍሉ ጥቁር ሰሌዳ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ማጅራቱ የጠረጴዛውን የብረት እግር መትቶ ተፈንክቷል። ከአጠገቡ ባለው የመድረኩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጫማ የተንሸራተተበት ጭረት ይታያል። ለቸኮለ ሰው ነገሩ ያለቀ ነበር፦ አዳለጠው፣ ወደቀ፣ ሞተ።

መርማሪዋ አልቸኮለችም። ተንበርክካ ኮቱን አየች። ጥቁሩ ኮት ላይ ስስ የጠመኔ ብናኝ ዱቄት እንደተነፋበት ሆኖ አርፏል፤ በፈሰሰው ደም ላይ ሳይቀር። ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ጠፍቷል። ዳስተሩ ቦታው ላይ በሥርዓት ተቀምጧል፤ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ጠርዝ ደግሞ ዳስተር እንደተራገፈበት ነጭ ሆኗል። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ሬሳውን ከዘበኛው ጋር ተጋግዘው ወደሚቀጥለው ክፍል አዛወሩት።

«አለቆቹ ደውለው ነበር» አላት ዘበኛው ላቡን እየጠረገ። «ነገሩ እስከ ማታ ካልታወቀ፣ ጥያቄው ወጥቷል ብለን ፈተናውን እንሰርዛለን እያሉ ነው።»

«የመጨረሻ ዕድል የተሰጣቸውስ መምህራን?»

«ቀኑ አይራዘምም አሉ። ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰናበታል።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። ሥራዋን ቀጠለች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሒሳቡን ሽማግሌ ነው። ጓደኞቹ ጋሼ ክፍልፋይ ይሉታል። ገና ከመግባቷ፣ «ልጄ፣ እስቲ ያን ኮት ከሚስማሩ ላይ አውርጂልኝ» አላት። «ሁለቱም ትከሻዎቼ ከተቆለፉ ቆዩ። እጄ ከአገጬ በላይ አልሄድም ብሏል።»

«ታዲያ ሰሌዳ ላይ እንዴት ይጽፋሉ?»

«ከወገብ በታች ነዋ! ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።»

«ከሰብሳቢው ጋር አትስማሙም ይባላል።»

«ማን ይስማማል? እያንዳንዱን ጥያቄ ሁላችንም በየግላችን ሠርተን እንድናሳየው ያስገድደናል። እኔን! በሒሳብ ጸጉሬን ያሸበትኩትን!»

«ከምሳ በፊት ሰሌዳው ላይ ምን ነበር?»

«የኔ የበርሜል ጥያቄ። አንዱ ቧንቧ በርሜሉን በሦስት ሰዓት ይሞላል፣ ሌላው በስድስት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ቢከፈቱስ? ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ማን ምን ብሎ እንዳጠፋው እንጃለት።»

መርማሪዋ በልቧ ሠራችው። ሁለት ሰዓት። ወዲያው እህቷ ትዝ አለቻት፤ ምነው ባልሠራሁት ብላ ተመኘች። አሁን እሷም እንደ ሌሎቹ የፈተናው እስረኛ ነች።

የቋንቋዋ መምህርት ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው ናት። ደረቷ ስለሚዘጋ እየቆራረጠች ነው የምታወራው፤ ባልደረቦቿም ነጠላ ሰረዝ ብለዋታል። የሥራ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ከምሳ በኋላ፣ ሌሎቹ በየክፍላቸው አርፈው ነበር። እኔ፣ በሩን ገፋ ሳደርገው፣ ወድቆ አየሁት። ጮህኩ።»

«ለምን አይገቡም?»

«ብናኙ፣ ገና ከአየሩ አልወጣም። ትንፋሼን ይይዘዋል። ሰሌዳ የማጠፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ ነው። ያ ባልዲ የኔ ነው።»

መርማሪዋ ባልዲውን አየችው። ጨርቁ ከደረቀ ሰንብቷል።

ሦስተኛው የሙያ ፈቃድ ቢሮው ሰው ነው። በአገሩ ሁሉ በመምህራን ፈቃድ ላይ ማኅተም የሚያሳርፈው እሱ ስለሆነ ስሙን የሚጠራ የለም፤ ባለማኅተሙ ነው።

«እኔ የወረቀት ሰው ነኝ» አላት። «አንድ ቀን ክፍል ገብቼ አላስተማርኩም። ጠመኔ በእጄ ይዤ አላውቅም።»

ይህን እያለ ኮሪደሩ ላይ ጋሼ ክፍልፋይና ነጠላ ሰረዝ በሻይ ማፍያው ተነታረኩ። ባለማኅተሙ ወደ በሩ ሄደና ምንም ሳይናገር ቆመ። አየት፣ አየት አደረጋቸው። ሁለቱም ጭጭ አሉ።

«ዝም ማሰኘት ያውቁበታል» አለች መርማሪዋ።

«ቢሮዬ ወረፋ ይበዛበታል» አለና ተቀመጠ።

ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ጥቂት ሲቀራት ሁሉንም በሥራ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ነጠላ ሰረዝን በር አጠገብ፣ ሽማግሌውን መሃል፣ ባለማኅተሙን ከሰሌዳው ሥር አስቀመጠች። ዘበኛው ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ጠመኔ ያቀብሉኝ» አለችው ባለማኅተሙን። እሱም ከፓኮው አዲስ ጠመኔ አወጣ፣ ለሁለት ቀጨው፣ ግማሹን ሰጣት። አመስግና ተቀበለችው።

«ጥያቄው ሰሌዳውን ማን አጠፋው ነው» ብላ እየጻፈች ቀጠለች። «የሚደበቅ ነገር አልነበረበትም፤ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ጋሼ አላጠፉትም፤ ሰሌዳው እስከ ላይኛው ጠርዝ ጠፍቷል፣ የሳቸው እጅ አገጫቸውን አያልፍም። ቲቸርም አይደሉም፤ ጨርቃቸው ደረቅ ነው፣ ዳስተር ቢያራግፉ ኖሮ ደግሞ አሁን ትንፋሻቸው ተዘግቶ አልጋ ላይ ነበሩ።»

«ደህና አልሽ ልጄ» አለ ሽማግሌው።

«እኔም ጠመኔ ነክቼ አላውቅም» አለ ባለማኅተሙ።

«ብለውኛል። እንግዲህ የቀረው ሟቹ ነው። ራሱ አጠፋው፣ ዞር ሲል መድረኩ አዳለጠው። የማንም እጅ የለበትም፤ ፈተናውም አይሰረዝም።» ሰሌዳውን በጽሑፍና በሥዕል ሞልታው ነበር። ጠመኔዋን አስቀመጠች። «በቃ፣ ደክማችኋል። ክፍሉን እንልቀቅ።»

ሁሉም ከአንድ ደረት የወጣ ትንፋሽ ተነፈሱ። ነጠላ ሰረዝ አለቀሰች። ሽማግሌው ወንበሩን እየገፋ፣ «ተመስገን፣ እርስ በርስ ከመጠራጠር ተገላገልን» አለ። እየተነሱ፣ እያወሩ ወደ በሩ ሄዱ። መርማሪዋም ከነሱ ጋር ወጣችና ደጃፉ ላይ ዞር አለች።

ባለማኅተሙ የመጨረሻው ነበር። ፊቱ ላይ ትልቅ ሸክም ያወረደ ሰው እፎይታ ይታያል። በሰሌዳው በኩል ሲያልፍ እጁ ዳስተሩን አነሳ። ከላይኛው ጥግ ጀመረ፤ ቀጥ እያደረገ ወደ ታች፣ እንደገና ከላይ ወደ ታች፣ እስከ ዳር። ከዚያ በፍርግርጉ መሃል እጁን አውጥቶ ዳስተሩን ከጠርዙ ጋር ጠብ ጠብ አደረገው። ልብሱን አራገፈ። ቀና ሲል ሁሉም እያዩት ነው።

«የት ነበር ያስተማሩት?» አለችው መርማሪዋ በለሆሳስ።

ባለማኅተሙ እጁ ላይ ያለውን ዳስተር አየ።

«ሟቹ እያጠፋ አልወደቀም» አለች ለሌሎቹ። «ብናኙ ከደሙ በላይ ነበር። መጀመሪያ ወደቀ፣ ከዚያ ሰሌዳው ጠፋ። የሚደብቅ ሰው ቢሆን አድበስብሶ ይሮጥ ነበር፤ ይህ ግን ለሚቀጥለው መምህር ንጹሕ ሰሌዳ አስረክቦ ነው የወጣው። አዲስ ጠመኔ እንዳያፏጭ ቀጭቶ የሚይዝ፣ ዝም ብሎ በመቆም ብቻ ክፍል ጸጥ የሚያሰኝ ሰው፣ ጠመኔ ነክቼ አላውቅም ሲለኝ እጁን ልጠይቀው ወሰንኩ።»

ባለማኅተሙ ዳስተሩን እንደያዘ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ማጥፋቴን እንኳ አላስታውስም» አለ። «እውነቴን ነው። ገጠር ነበር የማስተምረው። ተማሪዎቼ ይወዱኝ ነበር። ሒሳቡን ደጋግሜ ወደቅሁ፣ አሰናበቱኝ። ያን ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ለፈቃድ ቢሮ ተመድቦ፣ ሥራ ሳይጀምር ሞተብኝ። መልካችን አንድ ነው። በሱ ስም፣ በሱ ሰርተፍኬት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ እንደኔ የወደቀውን ሁሉ አሰናባቹ እኔው ሆንኩ።»

«ሰብሳቢውስ?» አለች ነጠላ ሰረዝ።

«የበርሜሏን ጥያቄ አልሠራሁለትም። ሁሉም ሲያርፍ ወደዚህ ጠራኝ፤ ሰሌዳው ላይ ቆመህ ፊቴ ሥራት አለኝ። አልቻልኩም። ማኅተም የያዝከው አንተ ነህ? ነገ በሩ ሲከፈት እናገራለሁ አለ። በኮቱ ይዤ ለመንኩት። ሲያመናጭቀኝ ገፋሁት።» ድምፁ ተሰበረ። «ወዲያው አልሞተም። ብጮኽ ዘበኛው ይመጣ ነበር። አልጮኽኩም።»

ሽማግሌው የራሱን ጥያቄ እንደ ጥፋት ቆጥሮ አንገቱን ደፋ።

መርማሪዋ በዘበኛው ስልክ ለአለቆቹ ደወለች። «ገዳዩ ተይዟል። ጥያቄው ከዚህ ግቢ አልሾለከም፤ ፈተናው ይቀጥል» አለች። መነጋገሪያውን ከጆሮዋ ስታወርድ ጣቷ የእህቷን ቁጥር ሊመታ ተቃርቦ ነበር። ዘበኛው የበር መቀርቀሪያ ሊፈትሽ ዞር ብሏል። የበርሜሉ መልስ፦ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ቃል ብቻ። ግን መነጋገሪያውን ቦታው መለሰችው።

ደንቡ ለገዳዩም አልተላላም። ሁሉም፣ የሞተውም ያለውም፣ እዚያው አደሩ።

በማግስቱ ፈተናው ካለቀ በኋላ የብረቱ በር ተከፈተ። ባለማኅተሙ እጁ ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ ገባ፤ መርማሪዋ ስልኳን ከሳጥኑ ተቀብላ መኪናው አጠገብ ቆማ ለእህቷ ደወለች።

«እታለም! ጨረስኩ!» እህቷ ትስቃለች፣ ወይም ታለቅሳለች። «አንዲት የበርሜል ጥያቄ ብቻ አቃተችኝ፤ ባዶ ተውኳት። ሌላውን ሞካክሬያለሁ። የማልፍ ይመስልሻል?»

«አላውቅም እህቴ» አለች። ባለማኅተሙ በመኪናው መስኮት በኩል እየሰማት ነው። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከክፍልሽ ስትወጪ ሰሌዳውን ታጠፊያለሽ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?» አለች ታናሽየው። «አጥፍቼ ነዋ የምወጣው። ለሚቀጥለው ሰው ቆሻሻ ልተውለት?»

ሰውየው የታሰረ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ያያል። መርማሪዋ ፊቷን አዞረችና፣ «ጎበዝ» አለች በስልኩ። «ጎበዝ፣ የኔ መምህርት።»