የጎበጠው ሲባጎ

«ወጥሪው እንጂ! እጅሽ ዝሏል እንዴ?» አለ ግንበኛው።

ሚጢጢ ሲባጎውን መዳፏ ላይ ጠምጥማ ሳበች። በመንገዱ ሌላ ጫፍ የያዘችላት ሳቂታ የምትባለው ጓደኛዋ ናት። ሳቂታ ዛሬ አልሳቀችም። የእናቷ ማድቤት የደጃፍ ግድግዳ ትናንት ፈርሷል፤ ጥቀርሻ የለበሰው ምድጃ ለአላፊ አግዳሚው ተገልጦ ቆሟል።

መንገዱ ይስፋ ብላ በየቤቱ ያንኳኳችው የሳቂታ እናት ነበረች፣ ልብስ አጣቢዋ። አምቡላንስ መግባት አቅቶት ባሏን በብርድ ልብስ ተሸክመው ሲያወጡት እዚያው መንገድ ላይ ሞተባት። ሰፈሩ ኮሚቴ ሲያቋቁም ግን አጣቢ ሊቀመንበር ትሁን ያለ ሰው አልተገኘም። የሚጢጢ እናት ተመረጠች።

ስምምነቱ ቀላል ነበር። ሲባጎው የመንገዱ መሃል ነው። ከእሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ይለካል፤ ልኩ ውስጥ የገባ ግድግዳ ይፈርሳል። ቀጥ ብሎ ቢሄድ ከማድቤቱ ደጃፉ ብቻ፣ ፊት ለፊት ካለው ከሚጢጢ አዲስ ክፍል ደግሞ ግማሹ ይፈርሳል። እናቷ ጠዋት ክፍሉ አጠገብ አንድ ችካል አስመታች። ሲባጎው እዚያ ሲደርስ ወደ ማዶ ጎበጠ። ክፍሉ ተረፈ፤ ማድቤቱ እስከ ምድጃው ልኩ ውስጥ ገባ።

«ክፍልሽን ከወደድሽ አፍሽን ዝጊ» ብላታለች እናቷ። ሚጢጢም ዘግታለች።

«እትዬ፣ የተስማማነው ደጃፉን ነበር» አለች ልብስ አጣቢዋ። «ምድጃው ከፈረሰ ውሃ የት ላፍላ? በምን ሠርቼ ልብላ?»

«መንገድ፣ መንገድ እያልሽ ጆሯችንን ያደነቆርሽው አንቺ!» አለች ሊቀመንበሯ። «ይኸው ሰፋልሽ። ምን ያነጫንጭሻል?»

«ለባሏ ያልደረሰ መንገድ ለምድጃዋ ደረሰላት!» አለ አንድ ጎረምሳ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ የልብስ ሳፋዋን በእግሩ ገፍቶ ፍርስራሹ ውስጥ ከተተው። የሚጢጢም ከንፈር ሳታስበው ፈገግ አለ። ሳቂታ አየቻት። ሲባጎውን በኃይል ሳበችው። የሚጢጢን መዳፍ ላጠው።

«በይ ቀለሙን ቀቢ» አለ ግንበኛው።

የሚፈርሰውን ግድግዳ በቀይ የምትቀባው ሚጢጢ ናት። የሲባጎውን ጫፍ ምሰሶ ላይ አሰረችና ጣሳውንና ብሩሹን ይዛ ወደ ማድቤቱ ሄደች። ልብስ አጣቢዋ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። አልተቆጣቻትም።

«እጅጌሽን ሰብስቢ ልጄ» አለቻት ቀስ ብላ። «ይሄ ቀለም ከልብስ አይለቅም።»

ሚጢጢ እጅጌዋን ሰበሰበች። ብሩሹን አነሳች፣ መልሳ ጣሳው ውስጥ ከተተችው። ጣሳውን ይዛ መንገዱን ተሻገረችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ችካሉን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው፣ ነቀለችው። ሲባጎው ጥው ብሎ ቀጥ አለ። ማንም አልሳቀም።

«አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?» እናቷ እየሮጠች መጣች። «ግድግዳዬን ንኪና ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም!»

«ምነው፣ አሁን አትስቂም?» አለች ሳቂታ ከዚያኛው ጫፍ። ድምጿ አልለሰለሰም። ሲባጎውን ግን አልለቀቀችውም።

ሚጢጢ ወደ ራሷ ክፍል ዞረች። ልኩን ከሲባጎው ጀምራ ለካች። ልኩ የደረሰው አልጋዋን ከሚያሳየው መስኮት ሥር ነው። ብሩሹን ነከረች።