በርጩማ ያዘለው ተጓዥ

በዋልካር መንግሥት የመዳብ ላባ ከሰማይ የዘነበው አንድ ቀን ብቻ ነው። ላባው በቤተ መጽናናት ጣሪያ ላይ እየተንኳኳ ሲወርድ ሕሙማኑ በረዶ መስሏቸው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ሲያባራ ወጥተው ቢያዩ፣ በግንቡ አናት ላይ ሦስት መቶ ዓመት የተሰቀለው የዕረፍት ደወል የለም። የተሰቀለበት ሰንሰለት ብቻውን በነፋስ ይወዛወዛል።

ያ ደወል እንደ ሌላው ደወል አልነበረም። ከጥንት ጻድቃን አንዱ በጾምና በእንባ ያቀለጠው ነው ይባላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ጊዜ ሲመታ፣ ድምፁ የደረሰው ሕመምተኛ ሁሉ ሥቃዩ ይለቀውና እስኪነጋ እንደ ሕፃን ይተኛል። ቤተ መጽናናት ደግሞ የመንግሥቱ ደካማ ሁሉ መጠጊያ ነበረች። ጦር ያጎደለው፣ ለምጽ ከሰው የለየው፣ ጧሪ ያጣ፣ ልጁን ቀብሮ ቤቱ ያስጠላው፣ ሁሉም በክርስቶስ ስም በሯን ያንኳኳል። ደወሉ በጠፋ በሦስተኛው ቀን በዚያች ቤት እንቅልፍ የወሰደው ሰው አልነበረም። በአምስተኛው ቀን የሁለት ሽማግሌዎች ሕይወት አለፈ።

ዮናዳብ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት ነው። በቤቱ የአጽናኝነት ትምህርት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እዚያ ለተማሪ መጀመሪያ የሚሰጠው መጽሐፍ ሳይሆን በርጩማ ነው፤ ባለ ሦስት እግር፣ ከየትኛውም አልጋ ዝቅ ያለች። አጽናኝ በታመመ ሰው ራስ ላይ ቆሞ አይናገርም። የራሱን ስም ይናገራል፤ «ልቀመጥ?» ብሎ ያስፈቅዳል፤ ከተከለከለ በርጩማውን አንስቶ ይሄዳል። ከተፈቀደለት ደግሞ ይሰማል። ዮናዳብ ይህን ሁሉ በቃሉ ይወጣዋል። ችግሩ ድምፁ ነበር። ሲዘምር መንገደኛ ጭነቱን አውርዶ ያዳምጠዋል፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ለመጨረሻው ፈተና እመት አስካል ወደሚባሉ እናት አልጋ ላኩት። አንድ ልጃቸውን ጎርፍ ወስዶባቸው የመጡ ናቸው። ዮናዳብ አስፈቅዶ ተቀመጠ። እሳቸው «ልጄ እኮ...» ብለው ሲጀምሩ፣ እሱ ስለ ትንሣኤ የሚናገረውን ዜማ ከዳር እስከ ዳር አወረደው። ክፍሉ ሁሉ አለቀሰ፤ አስታማሚዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እመት አስካል ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

የቤቱ አለቃ እማሆይ ሐሴት ነጩን የአጽናኝ መቀነት አላስታጠቁትም። «ድምፅህን ሰምተውልሃል» አሉት። «አንተ ግን አልሰማሃቸውም። ሊነግሩህ የጀመሩት ነገር ምን እንደ ነበር ታውቃለህ?»

አላወቀም።

በስድስተኛው ቀን እማሆይ አጽናኞቹን ሰብስበው ከላባዎቹ አንዱን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ይህ የኬልማር ላባ ነው። በዲራም ተራራ አናት የምትኖር ባለ ክንፍ አውሬ ናት። ደወሉ ደም ፈስሶ የተገኘ እንደሆነ ድምፁ እንደሚሞት ከአባቶች ሰምተናል። ስለዚህ የሚሄደው ሰው ጦር አይይዝም።»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ዮናዳብ ተነሣ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«እኔም አንተን ነበር ያሰብኩት።»

ልቡ ሞቀ። «ስለ ምን መረጡኝ፣ እማሆይ?»

«የሚጠብቅህ ሕመምተኛ የሌለህ አንተ ብቻ ስለሆንክ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዮናዳብ ግን ተንበርክኮ እጁን በእማሆይ መስቀል ላይ አኖረና መሐላውን ፈጸመ፦ «በመልካሙ እረኛ ስም እምላለሁ። ሳይፈቀድልኝ አልቀመጥም፤ ሳይጨርስ አላቋርጥም፤ ሳልጠየቅ አልመክርም። የአደራ ቃል ከአፌ አይወጣም። ለደከሙት ዕረፍታቸውን ሳልይዝ ወደዚህ ደጅ አልመለስም።»

እማሆይ ከመሄዱ በፊት ለብቻው ጠሩት። «እመት አስካል እህል እምቢ ብለዋል። ከአሥር ቀን በላይ የሚቆዩ አይመስለኝም» አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

መንገድ የሚመራው ዘራብሩክ ነበር፤ በጦር ሜዳ አንድ ዓይኑን ያጣ፣ አሁን የቤቱን ስንቅ በበቅሎ የሚያመላልስ የቀድሞ የንጉሥ ወታደር። በቅሎዋ ሙሽሪት ትባላለች። ዘራብሩክ ጦሩን ይዟል። ዮናዳብ ሲያየው «አንተ አትይዝም ተባለ እንጂ እኔን ማን ከለከለኝ?» አለው።

ቀጥሎም በዮናዳብ ጀርባ ላይ የታሰረችውን በርጩማ ተመለከተ። «ይቺን ደግሞ ምን ልታደርጋት ነው? አውሬዋ እስክትበላህ አረፍ ልትልባት?»

«ሕጉ ነው፣ ጋሼ።»

«ሕጉስ ጥሩ ነው። የምታሳዝነኝ ጀርባህ ናት።»

በሦስተኛው ቀን የማሚቶ ሸለቆ ደረሱ። ጉም እንደ ባዘቶ የሞላው፣ መንገዱ ከአንድ በቅሎ ጎን የማይሰፋ ገደል ነው። «እዚህ ትንፍሽ እንዳትል» አለ ዘራብሩክ። «ሸለቆው ድምፅህን ይወስድና ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል።» ዮናዳብ ቃሉን ለጥቂት ጊዜ ጠበቀ። ከዚያ ጉሙ ሲበረታና የእግሩን ጣት ማየት ሲያቅተው ፈራ። ሲፈራ ደግሞ መዝሙር ልማዱ ነው። በአፍንጫው ብቻ አንጎራጎረ።

ሸለቆው ዜማውን ተቀበለና ከባዶው ወገን፣ ከገደሉ ማዶ፣ አጥርቶ መለሰው። ሦስት ቀን ያንን ድምፅ ስትከተል የሰነበተችው ሙሽሪት ጆሮዋን አቁማ ወደ ተጠራችበት ሄደች። ድንጋይ ተንከባለለ። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም።

ከሸለቆው ሲወጡ ዘራብሩክ በአንድ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። አልጮኸም። ዮናዳብ አፉን ቃል ሞላው፤ ይቅርታ፣ ስለ ፈጣሪ ፈቃድ፣ ስለ ሌላ በቅሎ። ሁሉም ሊወጣ ይጋፋል። በርጩማውን ከጀርባው ፈታና ከቋጥኙ ዝቅ አድርጎ አኖራት።

«ልቀመጥ፣ ጋሼ?»

«መሬቱ የእኔ አይደለም።»

ዮናዳብ ቆሞ ጠበቀ።

«ተቀመጥ እንግዲህ» አለ ዘራብሩክ በመጨረሻ። ቆየት ብሎ ደግሞ «አንድ ነገር በል እንጂ» አለው።

«ስለ ሙሽሪት ንገረኝ።»

ዘራብሩክ ነገረው። በሽሽት መንገድ ላይ እንደ ተወለደች፣ ዓይኑ የፈሰሰ ዕለት እንዴት ተሸክማው እንደ ወጣች፣ አንዴ የአንድ መኮንን ባርኔጣ በሰልፍ መሀል በልታበት እንዴት እንዳሳሰረችው። እየሳቀ ጀመረ፤ በመሀል ጺሙ ረጠበ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተናገረ። ከዚያ ተነሥቶ ጦሩን አነሣ። «እኔ እንኳ ልመታህ ነበር ያሰብኩት» አለና ፊት ፊት ሄደ።

በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከኬልማር ዋሻ ደጃፍ ደረሱ። ተኝታለች። የመዳብ ክንፎቿ የዋሻውን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ሸፍነውታል፤ ስትተነፍስ ላባዋ እንደ ጻናጽል ይንሿሿል። ዘራብሩክ ጦሩን አነጣጠረ። «አንድ ውርወራ ናት» አለ በሹክሹክታ። «ደሙ በእኔ እጅ ይሁን፤ ደወሉን አንተ ትይዛለህ። ከአሥሩ ቀን አምስቱ አልፏል እኮ።»

ዮናዳብ ግን አንድ ነገር አየ። አውሬዋ ደወሉን እንደ ምርኮ አልያዘችውም፤ እንደምትታቀፍ ዶሮ ክንፏን አልብሳዋለች። ከደወሉ ሥር የደረቀች፣ ክንፏ ያልጠና አንዲት ጫጩት አለች። የጦሩን ጫፍ በእጁ ዝቅ አደረገውና ብቻውን ገባ። ከመግቢያው ሳያልፍ እንደ ተማረው ቆመ።

«ዮናዳብ እባላለሁ። ከቤተ መጽናናት ነው የመጣሁት። ልቀመጥ?»

የገበታ ያህል ዓይን ተገለጠ። «ጦር ይዘው የገቡ ብዙ ናቸው» አለች ኬልማር፤ ድምጿ እንደ ናዳ ነው። «አስፈቅዶ የገባ ግን አላየሁም። ብከለክልህስ?»

«በርጩማዬን አንስቼ እሄዳለሁ።»

ባዶ እጁን ቢመለስ በዚያች ቤት ምን እንደሚሆን ያውቃል። ኬልማር ረጅም ጊዜ አየችው። «ተቀመጥ» አለች።

ከጥፍሯ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ደወሉን አልጠየቀም። ያን ቀን እሷም ምንም አላለች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ግን ሳይጠይቃት ጀመረች፦ «በሦስት መቶ ዓመት አንድ እንቁላል ነው የጣልኩት። አርባ ቀን ኖረች። ውርጭ ወሰደብኝ። ስታልፍ ምግብ ፍለጋ ሄጄ ነበር። ከዚያ በአገራችሁ ላይ ስበር ይህን ደወል ሰማሁት፤ ድምፁ የእሷ ነው። አመሻሽ ላይ በክንፌ ጫፍ ስነካው ትጠራኛለች።» «አንተ ለምን መጣህ?»

«ደወሉ ከሄደ ወዲህ መተኛት ያቃታቸው ሕሙማን አሉ። አንዲት እናትም አሉ፤ ልጃቸው የሞተባቸው።»

«የልጇ ስም ማነው?»

የዮናዳብ ፊት ጋለ። «አላውቅም። ሊነግሩኝ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው።»

«በምን?»

«በዜማ።»

«እስቲ አሰማኝ።»

አዜመ። ዋሻው ሞልቶ ፈሰሰ። ሲጨርስ የኬልማር ዓይን ተከድኖ ነበር። «የልጄን አይመስልም» አለች። «ዝምታውን ግን ይሞላዋል። ደወሉ ሲሄድ የዚህን ዋሻ ዝምታ ብቻዬን አልችለውም። ድምፅህን ተውልኝና ደወሉን ውሰድ።»

ዮናዳብ በበዓል ቀን ሲዘምር ጸጥ የሚለውን ሕዝብ፣ ጭነታቸውን የሚያወርዱትን መንገደኞች አሰበ። ከዚያ ወደ ግድግዳ የዞረውን ጀርባ አሰበ።

«ውሰጂው» አለ። የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነው።

የጥፍሯ ጫፍ ጉሮሮውን ነካ። የሞቀ ነገር እንደ ወፍ ከውስጡ ወጥቶ በረረ።

ደጅ የሚጠብቀው ዘራብሩክ ዜማውን እንደገና ሲሰማ «ደህና ነው» ብሎ ተንፈስ አለ። ወዲያው ዮናዳብ ደወሉን ተሸክሞ ብቅ አለ። አፉ ተዘግቷል፤ ዜማው ግን ከኋላው፣ ከዋሻው ውስጥ ይመጣል። ዘራብሩክ አንዴ ወደ ልጁ፣ አንዴ ወደ ዋሻው አየ። ጦሩን ከቋጥኝ ላይ አስደግፎ ተወው። በርጩማዋን አንሥቶ በራሱ ጀርባ ላይ አሰራት።

በማሚቶ ሸለቆ ሲያልፉ ሸለቆው የሚወስደው ነገር አላገኘም።

በአሥረኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደወሉ ተሰቀለና ተመታ። ከአልጋ አልጋ ትንፋሽ ረገበ፤ አስታማሚዎቹ ሳይቀሩ በቆሙበት አንቀላፉ። ከሕሙማኑ ዓይናቸው ሳይከደን የቀረው እመት አስካል ብቻ ናቸው። የእሳቸው ሕመም ደወል የሚደርስበት አልነበረም።

ዮናዳብ ከአልጋቸው አጠገብ ተንበረከከ። ስሙን መናገር አይችልም፤ ማስፈቀድም አይችልም። በርጩማዋን አቅፎ ጠበቀ። ይህን ያየው ዘራብሩክ ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዮናዳብ ነው፣ እመት። ድምፁን በሩቅ አገር ትቶ መጥቷል። ልቀመጥ ወይ ነው የሚለው።»

ከዚያ አልጋው ተንቋቋ፤ እመት አስካል ቀስ ብለው ዞሩ። «ያ ዘማሪ?» አሉ በሻከረ ድምፅ።

ራሱን ነቀነቀ።

«ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። እሳቸው ፊቱን ሲመረምሩ ቆዩ።

«ናርጋ ይባላል ልጄ» አሉ። «ዋና ልማር ብሎ ሲለምነኝ የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

እማሆይ ሐሴት ነጩን መቀነት ይዘው ከደጃፉ ደርሰው ነበር። ይህን ሲሰሙ ባሉበት ቆሙ፤ ገብተው ማቋረጥ አልፈለጉም።

ዮናዳብ በርጩማዋን ትንሽ ወደ አልጋው አስጠጋ።