ሳትደርስ የደረሰችው ጊቤ

በተንሳፋፊው ወደብ ሰባተኛ ማረፊያ ላይ አምስት መርከቦች ደርሰዋል። በመስኮቱ የሚታየው ግን ውሃ ብቻ ነው።

የጉምሩክ ሠራተኛዋ ትርሲት አልገረማትም። መርከብ ሁሉ «አብሳሪ» አለው፤ ጭነቱን ቆጥሮ መድረሱን ለጉምሩክ የሚያሳውቅ አሳቢ መሣሪያ ነው። ወረፋ የሚያዘው በአብሳሪው ቃል ስለሆነ፣ ካፒቴኖቹ ገና ማዕበል ላይ ሳሉ «ደርሻለሁ» እንደሚያስብሉት ወደቡ ሁሉ ያምናል። ካልሲውን እየፈለገ «በር ላይ ነኝ» የሚል ሕዝብ ልጆች አይደሉ?

ከአምስቱ አንዷ፣ ጊቤ፣ በሬዲዮ ተጣራች።

«ትርሲትዬ፣ ካፒቴን ደጀኔ ነኝ። መርከቧ ከታች ተቀድዳለች፤ ውሃ እየገባ ነው። አሥራ አንድ ነን።»

ትርሲት ነፍስ አድን ጀልባዎችን ወደሚያሰማራው ማሽን ደወለች።

«ጊቤ ወደብ ገብታለች» አላት በጨዋ ድምፅ። «ወደብ ለገባች መርከብ ጀልባ አይላክም።»

«ገና ባሕር ላይ ናት! ሪፖርቱ ይሰረዝ!»

«ካፒቴኑ በአካል ቀርበው አውራ ጣታቸውን ያሳርፉ።»

ትርሲት ወደ አለቃዋ ዞረች። «ይሰማሉ፣ ጋሼ ምኅረቱ? ሰዎቹ እየሰጠሙ እኮ ነው!»

«ሳይደርስ ደርሻለሁ በል ማን አለው?» አሉ ግንባራቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኛም እያየን ዝም አልን።»

ጊቤ በመዝገብ ወደብ ገባች ከተባለች፣ ትርሲት በመዝገብ ልታወጣት ትችላለች። የመውጫ ፈቃድ ከፈተች፦ ጭነቱ ተፈትሿል፤ ተራግፏል፤ ጊቤ በሰላም ሄዳለች።

«ያልተራገፈውን ተራገፈ ብለሽ? እስር ቤት ነው የምትገቢው!» አሉ ጋሼ ምኅረቱ።

«እሱ እንኳ አይሰጥምም» አለችና አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ጊቤ በሕግ ፊት ባሕር ላይ ዋለች። ጀልባዎቹ ተወነጨፉ። አሥሩን አወጡ፤ ካፒቴኑን ግን ባሕሩ ቀድሞ ወስዷቸው ነበር።

ከፍርስራሹ የተረፈው አብሳሪ በመርማሪዎች ፊት ቀረበ። «ሳትደርስ ደርሻለሁ ያሰኘህ ካፒቴኑ ነው?»

«ማንም አላዘዘኝም» አለ። «ካፒቴኑ ከቤታቸው ጋር ሲያወሩ እሰማ ነበር። መንገዱ ሩቅ ሆኖ ሳለ ‹ደርሻለሁ› ይላሉ። ያኔ የሚጠብቃቸው ሰው ድምፅ ይለሰልሳል። እናንተም የምትጠብቁ መሰለኝ።»

ከዚያ አብሳሪዎች ሁሉ መርከባቸው በገመድ ከወደቡ ሳይታሰር ትንፍሽ እንዳይሉ ተወሰነ። ትርሲት እስር ቤት አልገባችም፤ ከማዕረጓ ወርዳ ቤተሰብ በሚጠብቅበት አዳራሽ መስኮት ላይ ተመደበች። አዳራሹ አሁን ጸጥ ያለ ነው። መርከቦቹ እውነተኞች ሆነዋል።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መስኮቱን አንኳኩ። «የኔ ልጅ፣ የልጄ መርከብ ወዴት አለች?»

ትርሲት የደረሱ መርከቦች የሚጻፉበትን ሰሌዳ አየች። ባዶ ነው። ቀና ስትል የሴትየዋ ዓይኖች ፊቷ ላይ ተተክለዋል።

«እየደረሰች ነው፣ እማማ» አለች።