ቀይዋ ቋጠሮ

በሰንደራም መንግሥት ሰማይ ላይ፣ በአንድ ማለዳ፣ ሁለት ፀሐዮች ወጡ። ያን ዕለት በመቶ ቀን የሚገድለው የአመድ ትኩሳት ጉልማ መንደር ገባና የናርዳናን ታናሽ እህት ጣላት። ምን ይደረግ! በአገሩ ሕግ ለሕመምተኛ መድኃኒት የሚሰጥ ወደ ሐኪሞች ግንብ የገባ ብቻ ነው፤ ግንቡም በገዛ እጁ አንዳች ነገር መርምሮ ያልመጣን አያስገባም። መግባት የሚሻ ወይ ከንጉሡ ሊቅ ቤት ገብቶ ይማራል፣ ወይ ብቻውን ረግረግ ወርዶ ይመረምራል።

«የንጉሡን ሊቅ ቤት ምረጪ ልጄ፣» አሉ አያቷ እማማ አዋይት። «ስሙ ብቻ በር ይከፍታል። ረግረግ ለረግረግ ስትንከራተቺ አንድ ነገር ብትሆኚብኝስ?»

«እዚያ ዕቃ ማጠብ እንጂ መጠየቅ የለም፣ እማማ። በእህቴ ነፍስ እምላለሁ፣ መድኃኒቱን ሳላገኝ አልመለስም!»

የጎረቤት ልጅ ዶርሃን ግን «እንቁራሪት አሳዳጅ ሐኪም!» ብሎ ስቆባት ወደ ሊቁ ቤት ሄደ።

ናርዳና ረግረግ ወርዳ፣ ለትኩሳቱ መድኃኒት ይሆናል ብላ የእሳት እንቁራሪቶችን አረፋ ስትቀምም ከረመች። እማማም እያጉረመረሙ ተከተሏት። መርማሪ የሆነ ሁሉ ገመድ ይይዛል፤ ለተሳካ ሙከራ ነጭ፣ ለስሕተት ቀይ ክር ይቋጥራል። በዘጠናኛው ቀን ልትቀምስ ጽዋውን ስታነሣ አያቷ ነጠቋት።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ!» ብለው ጨለጡት። ወዲያው ዓይናቸው ጠፋ።

ናርዳና እያለቀሰች ቀይ ቋጠረች። ትኩሳቱ እርሷንም ጀምሯት ነበርና ግማሹን መጠን ጠጣች፤ ለቀቃት። ነጭ ቋጠረች።

በዘጠና ዘጠነኛው ቀን አያቷን እየመራች ስትደርስ ከግንቡ ደጃፍ ዶርሃንን አገኘችው፤ የሊቁን የወርቅ ማኅተም ይዟል።

«ያቺን ቀይ ፍቺያት፣» አላት በሹክሹክታ። «አያቱን ያሳወረ ማን ያስገባዋል?»

እህቷ የቀራት አንድ ቀን ነው። የናርዳና ጣቶች ቋጠሮዋን ያዙ።

«ተይ!» አሉ እማማ። «ዓይኔን የሰጠሁባትን ልትፈቺብኝ?»

በሩን የሚጠብቀው የድንጋይ አንበሳ አገሣ፦ «የት ተሳሳታችሁ?»

«እኔ ከቶ አልተሳሳትኩም! የታዘዝኩትን ሁሉ አጥቤአለሁ፣» አለ ዶርሃን። አንበሳው ፊቱን አዞረበት።

ናርዳና ገመዷን ዘረጋች። «እዚህ ጋ። መጠኑን አበዛሁት። ዋጋውን የከፈሉት አያቴ ናቸው።»

አንበሳው ከበሩ ፈቀቅ አለ።

እማማ ገመዱን ዳሰሱ። «ይህቺ ናት? ትንሽ ናትሳ!» አሉ። «በይ ግቢ፣ ፈቃድሽን ይዘሽ ወደ እህትሽ ሩጪ። ድንጋይ እንዳይመታሽ ታዲያ፤ ከእንግዲህ እኔ አላይልሽም።»